አንደኛው ደን

ትርንጎ ከገሳይ ከተማ በላይ ያለውን ደን ከዝርዝሩ ልትሰርዘው ነበር የመጣችው። በደቡብ ጎንደር ከየትኛውም ደን ቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባውን እንድትመርጥ የተላከችው ባለሙያ እሷ ነበረች፤ የዚህኛው ደን ጠባቂ ደግሞ አንዲት የወይራ ቅርንጫፍ ቆረጥህ ብለው የአባቷን እጅ በዱላ የሰበሩ ሰው ናቸው። ሆኖም ከጧት ጀምራ ብትቆጥር ኮሶው፣ ዝግባውና ጥዱ ከነችግኙ ሞልቷል፤ ድኩላ እንኳ ከነግልገሏ አይታለች። ሌሎቹ ደኖች አጠገቡም አይደርሱም። ጥርሷን ነክሳ «አንደኛ» ብላ ጻፈች።

ቀና ስትል ሽማግሌው ጠባቂ አጠገቧ ቆመዋል።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«እጁን የሰበሩት የዓለምነው ልጅ ነኝ።»

ያን ጊዜ ትርንጎ ከጻፈችው ሥር አንድ መስመር ጨመረችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ከደኑ አጥር ውስጥ ማንም ሰው አይገባም።» ዓይን ዓይናቸውን እያየችም «እርስዎም ጭምር» አለቻቸው። ሲለምኗት ለመስማት ጆሮዋ ቆመ።

አልለመኗትም። «ለአባትሽም ያልኩት ይህንኑ ነበር» አሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡና የአጥሩን በር ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።