የምራት ወገብ

ሮሴል የዱባውን ቁራጭ ዱቄት ላይ ታገላብጣለች፣ እንቁላል ውስጥ ትነክራለች፣ የኤሌክትሪክ መጥበሻው ላይ ታኖራለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ወለል ላይ እግሯን አጥፋ እንደተቀመጠች ነው። የተነጠፈው ጋዜጣ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ፊደሉ አይነበብም። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ወገቧ መጀመሪያ አመማት፣ ቀጥሎ አቃጠላት፣ አሁን የሷ ያልሆነ ይመስል ዝም ብሏል።

ፊት ለፊቷ አማቷ ሶንግፕዮን ይሠራሉ። የሩዙን ሊጥ መዳፋቸው ላይ ጠፍጠፍ አድርገው፣ የተወቀጠ ሰሊጥ ጨምረው፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያጥፉታል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጣቶቻቸው ጎብጠዋል፤ የሚሠሩት ግን አንዱ ከአንዱ አይለይም።

ነገ ቹሶክ ነው፤ አዲሱ እህል ለሙታን የሚቀርብበት ቀን። ለአማቷ ባል፣ ለባልየው አባትና እናት፣ ለማንሱም ይቀርባል። ማንሱ የሮሴል ባል ነበር። ትራክተሩ ገደል ይዞት ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ታላቅ ወንድሙ ዶንግሱ ከሚስቱ ጋር ከሴኡል ተነስቷል፤ መንገዱ በመኪና ስለተጨናነቀ የሚደርሱት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በየዓመቱም እንዲሁ ነው።

ሮሴል ከፊሊፒንስ ወደዚህ የኮሪያ ወረዳ የመጣችው እንግሊዝኛ ልታስተምር ነበር። በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። ይህን ሳምንት ሙሉ ያስተማረችው ስለ ቹሶክ ነው። መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፤ ያማረ ልብስ የለበሰ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ይስቃል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የጠበሰችው የታለች?» አለቻት። ሮሴል ሥዕሉን ደግማ አየችው። የለችም።

ዛሬ መናገር አለባት። እንዴት እንደምትለው ሦስት ቀን ስታሰላስል ከርማለች። በገበሬዎች ማኅበር ሩዝ የሚመዝነው ክዩናም እንጋባ ብሏታል፤ እሷም እሺ ብላለች። ጥር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የዚህ ቤት ምራት አይደለችም። ይህን ለአማቷ መንገር ማንሱን ሁለተኛ እንደ መቅበር ሆኖባታል። ደግሞም እሱ ከሞተ ወዲህ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር የኮመጠጠ ጎመን በዕቃ ይዘው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው በሯን የሚያንኳኩ እኒህ ሴት ብቻ ናቸው።

«እማማ» ትላለች።

«ዱባው እያረረብሽ ነው።»

ታገላብጠዋለች። አላረረም።

አማቷ ቀና ሳይሉ ሌላ ወሬ ያነሳሉ። ማክሰኞ ፀጉራቸውን ሊሠሩ ሄደው እንደነበር፣ ሦስት ሴቶች ስለ አንድ ሩዝ መዛኝ ሲያወሩ እንደደረሱ ይናገራሉ። ሴቶቹ እሳቸውን ሲያዩ ዝም አሉ። ዝምታቸው ግን ከወሬው ይልቅ ነገራቸው።

የሮሴል እጅ እንቁላሉ ውስጥ ይቀራል። መዋሸት አትችልም። እውነት መሆኑን፣ ዛሬ የመጣችውም እሷው ራሷ ልትነግራቸው አስባ መሆኑን ትናገራለች።

አማቷ ሊጡን አስቀምጠው እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። መጥበሻው ይንጫጫል። ሮሴል ቁጣ ትጠብቃለች፣ ለቅሶ ትጠብቃለች፣ የማንሱን ስም ትጠብቃለች። ለመጣው ሁሉ አንገቷን ደፍታለች።

«የበኩር ልጅ ነው?» ይላሉ።

«ማን?»

«መዛኙ ነዋ። ለቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነው?»

«አይደለም። ሦስተኛ ነው።»

«ታላላቆቹ አሉ?»

«አሉ። ሁለቱም ሚስት አላቸው።»

«የሙታኑ ማዕድ የሚቀርበው ማን ቤት ነው?»

«ትልቁ ወንድሙ ቤት። ቡሳን።»

አማቷ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ይለቃሉ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለበኩር ልጅ ተድረው፣ ከዚያ ወዲህ በዓመት ስምንት ጊዜ ለሙታን ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«እሰይ» ይላሉ በቀስታ። «ወገብሽ ያርፋል።»

የሮሴል እንባ የመጣው ያኔ ነው። ግን ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል፤ የላትም። ለከርሞም መጥታ እንደምታግዛቸው ትነግራቸዋለች።

«አትመጪም። የሰው ሚስት ሆነሽ ለልጄ ዱባ ልትጠብሺ? እሱስ አያፍርም?» ይላሉ። «እኔ ግን እሑድ እሑድ መምጣቴን አልተውም። ባልሽ ካልወደደው እሱ ይውጣ።»

የመጥበሻውን ሶኬት ይነቅላሉ። ሮሴል ገና አንድ ሳህን ሙሉ ያልተጠበሰ ዓሣ እንዳለ ታሳያቸዋለች።

«ይቆይ። የሚበሉት ሙታን ናቸው፤ አይቸኩሉም።»

ሽርጣቸውን ሳይፈቱ እዚያው ጋዜጣው አጠገብ በጀርባቸው ይጋደማሉ። እግራቸውን ሲዘረጉ ጉልበታቸው ይንቋቋል። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ወለል በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ሮሴል ታመነታለች፤ በጠራራ ፀሐይ አማቷ ፊት የምትጋደም ምራት አታውቅም። መዳፉ ደግሞ መታ ያደርጋል። ትጋደማለች። ወገቧ ቀስ በቀስ ወለሉን ያገኘዋል።

አሮጊቷ ወዲያው ያንኮራፋሉ። ሮሴል ዓይኗን ወደ ላይ ታነሳለች። የጣሪያው ወረቀት መጋጠሚያው ላይ ተላጧል፤ ከአምፖሉ አጠገብ ዝናብ ያሳለፈው ቡናማ ነጠብጣብ አለ። አሥር ዓመት ወለሉን ስትወለውል ኖራ፣ የዚህን ቤት ጣሪያ በቀን ብርሃን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።