መርዶ ነጋሪዎቹና ደረቁ ፏፏቴ

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩም» አለ ዱካሞ፣ ጋሽ ምሕረቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምቶ።

ጋሽ ምሕረቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አብራቸው የመጣችው ስንዱ ደግሞ የአገሩ ልጅ። የወረርሽኙ ሰዓት እላፊ ንጋት ላይ ገና እንዳበቃ ከሰፈራቸው ከዮቪል ተነሥተው፣ ሳይደውሉ፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው እሱ በስደት ሱቅ ወደከፈተበት ዳቬይተን ድረስ መጥተዋል። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ዱካሞ አልጠፋውም። ያሳደገችው እህቱ ኤርጎጌ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ላይ ናት። እስካልነገሩት ድረስ ደግሞ እዚያው ናት።

ስለዚህ ወሬውን ቀጠለ። ትምህርቱን በልጅነቱ ቢያቋርጥም፣ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ በስልኩ ያልሰማው ነገር የለም። ዛሬ ያነሣው አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ፏፏቴ ነው።

«ወርዱ አምስት ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጠብታ ውሃ ግን የለውም።»

«ውሃ ከሌለው ምኑን ፏፏቴ ሆነ? ገደል በለዋ!» ስንዱ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያውም በማስኩ ላይ አፏን ያዘች።

«ቆይ እንጂ አንቺ! በበረዶው ዘመን ነው። ተራራ የሚያክል በረዶ መጥቶ ወንዙን ገደበው። ከኋላው ባሕር የሚያህል ውሃ ተኛ። በረዶው ያዘ። ያዘ። አሁንም ያዘ…»

«የኖኅ ውሃ ይሆናላ» አሉ ጋሽ ምሕረቱ በቀስታ። «ዱካሞ ልጄ፣ እስቲ እንጸልይ።»

«ኖኅ እኮ አስቀድሞ ተነግሮታል፣ ጋሼ። መርከብም ነበረው።» ዱካሞ ከመቀመጫው አልተነሣም። «እኔ አልጸልይም።»

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። ሳይንበረከክ ሱቁን ከፍቶ አያውቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ያቺን ጸሎት አውቃታለሁ። ስንቱ ሰው ቤት ከእርስዎ ጋር መርዶ ይዤ ሄጄ ጸልያታለሁ። እኔ ቤት አትጸለይም።»

ከውጭ አንዲት ደንበኛ የመስኮቱን ብረት መትታ በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጠች። «ሳውቦና! ዳቦ የለም እንዴ?»

«ዝግ ነው፣ ሲሲ!» ብሎ ጮኸና ወደ ስንዱ ዞረ። «ከዚያ ግድቡ ተሰበረ። ውሃው ድንጋዩን እንደ ዳቦ እየገመጠ ወረደ። አለቀ ስትይ በረዶው ተመልሶ ይገድባል፤ ደግሞ ይሰበራል። አንዴ መሰለሽ? ሁለቴ መሰለሽ? ዛሬ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ያ ሁሉ ሸለቆ፣ ያ ሁሉ…»

ወሬው አለቀበት። የሚጨምረው ፈለገ፤ አጣ።

ጋሽ ምሕረቱ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ዱካሞ እጁን አነሣ።

«እርስዎ አይነግሩኝም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የምጠይቅዎ። አጠገቧ ማን ነበር?»

ሽማግሌው ለስንት ቤት መርዶ ያደረሱ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጁም። ሆስፒታሉ አስታማሚ አያስገባም ነበር። ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

ስንዱ የተቀመጠችበትን የለስላሳ ሳጥን በሲሚንቶው ላይ እየጎተተች መጣች። ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካው ተጠግታ ተቀመጠች።