ትርንጎ ደሴን የወሰደች ዕለት

ሹክ በየሰዉ ጆሮ ከገባች ወዲህ እንቆቅልሽ የሚጫወት ጠፍቷል። የጤፍ ፍሬ የምታህለዋ መሣሪያ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታንሾካሹካለች፤ ታዲያ ማን ይጫወታል? አጥናፉ ለሚስቱ ለትርንጎ ሻይ ሲቀዳ እንኳ ስኳሯን ሹክ ስለምትነግረው፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ስንት እንደምትፈልግ ጠይቋት አያውቅም።

የዚያን እሑድ ከሰዓት ግን አጥናፉ ቆሞ ሻይ ሲቀዳላት ትርንጎን ድንገት ጨዋታ አማራት።

"እንቆቅልህ።"

"ምን አውቅልሽ።"

"ብቻዋን ስትሆን ትዘፍናለች፣ ኮቴ ስትሰማ ዝም ትላለች።"

"እንቁራሪት" አለ አጥናፉ ወዲያው፣ ሹክ እንደነገረችው።

"አይደለችም።"

ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። ሹክ ጭጭ አለች።

"በል ሀገር ስጠኝ።"

ጨዋታውን ከረሳው ቆይቷልና አፉ ላይ የመጣለትን ሰጣት። "ደሴን ሰጠሁሽ።"

ትርንጎ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "የምንኖርባትን ከተማ? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ደንብ ነው የምታድረው።"

"እሺ፣ መልሱስ?"

"እኔ ነኝ" አለች፣ ራሷንም እየገረማት። ስትጀምር እሷም መልሱ እንቁራሪት መስሏት ነበር፤ እሱ ከሹክ ሰምቶ ሲመልስ ነው ሐሳቧን የቀየረችው።

"አንቺ ትዘፍኛለሽ?"

"አንተ ስትወጣ፣ ሹክን ከጆሮዬ አውጥቼ። በል አሁን ያንተንም አውጣ፤ የመጀመሪያው ደንብ ይኸው ነው።"

አውጥቶ ከስኒው ማስቀመጫ ላይ አኖራት። ከዚያ የስኳሩን ማንኪያ እንዳነሳ እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ስንት ላድርግልሽ?"

ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እሱ እፊቷ ቆሞ እያለ፣ መዝፈን ጀመረች።