አልጋ ሥር የተደበቀው ቶርኖ

«ከሐሙስ በኋላ ቶርኖ የተገኘበት ቤት ይታሸጋል ይባላል።» ጎረቤቷ ጋሽ እንድሪስ ይህን ሊነግሯት ሲመጡ ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ጊዜያቸው ነው።

«ማን ነው ያለው፣ ጋሼ?» አለች ሰዓዳ።

«ሰው ነዋ!»

«ሰው የሚሉት ስም የለውም?»

በቤት ውስጥ የሞተር መለዋወጫ መቅረጽ በአዋጅ ተከለከለ ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነ። ሰዓዳ የአዋጁን ርዕስ ብቻ አንብባ ወረቀቱን በንዴት ቀድዳዋለች። ማንም ሳያስተምራት፣ ከቁርጥራጭ ብረት አራት ዓመት ለፍታ የሠራችው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ከእናቷ አልጋ ሥር ተደብቋል፤ ሞተር ሳይክሏም ፒስተን አጥታ ጓሮ ቆማለች። የድስት ክዳኑ መያዣ እንኳ ከተሰበረ ቆየ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን የብረት ድምፅ ጎረቤት ይሰማል። እናቷ ክዳኑን በጨርቅ ሲያነሱ እንፋሎት ያቃጠለውን ጣታቸውን እፍ እያሉ፣ «ልጄ፣ ያለችን ይቺው ቤት ናት» አሏት።

ሰዓዳ ደሟ ፈላ። «እሺ! ግን የመንግሥት እጅ አይነካውም። የሠራሁት እኔ፣ የምቆርጠውም እኔ!»

የብረት መቁረጫ ግራይንደሯን አስነስታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ ቶርኖውን ገነጣጠለችው። እንባዋ ሲመጣ «ብናኙ ነው» አለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ሐሙስ አንዲት ተቆጣጣሪ ቅጽ ይዛ መጣች። የተቆራረጠውን የብረት ክምር አይታ ግራ ገባት።

«ምን ነበር ይሄ?»

«ቶርኖ ነበር። በእጅ የሚዘወር። ደስ አላችሁ?»

«በእጅ የሚዘወር?» አለች ሴትዮዋ። «እህቴ፣ አዋጁ የሚከለክለው በኮምፒውተር የሚሠራውን ቶርኖ ብቻ ነው። በእጅ የሚዘወረውማ ድሮም አልተከለከለም።»