የማርዳ ሹራብ

ትርንጎ ዛቻ የበዛባቸውን ዳኛ የምታጅብ ጠባቂ ናት፤ ቤቷ ስትገባም ሽጉጧን እንዳትፈታ ታዝዛለች። አነስ ያለ ሽጉጥ ፍለጋ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ገባች፤ ሻጩ ከሁሉ ትንሿን መርጦ አቀበላት።

«ይቺ ቀሚስ ውስጥ እንኳ አትታወቅም» አላት።

ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ መስታወቱ ፊት ጎንበስ ቀና አለች። እውነትም አትታወቅም።

«የልጅ ሹራብስ ያውቃታል?»

ሻጩ አቀረቀረ። «ከእሱ የሚያመልጥ የለም፣ እህቴ። ሕጉ ከወጣ ወዲህ የልጅ ሹራብ ሁሉ መሣሪያ ሲጠጋው ይጮኻል።»

ቢሆንም ያችኑ ገዝታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የስድስት ዓመት ልጇ ማርዳ በረንዳው ላይ ቆማ ስትጠብቃት አገኘቻት። ትርንጎ እንደ ሰሞኑ ልማዷ ደጁ ላይ፣ ከልጇ ራቅ ብላ ቆመች።

ማርዳ በዚያ ብርድ ሹራቧን አወለቀችና ወደ ቤት ወረወረችው።

«አሁን አይጮኽም፣ እማ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ነይ እቀፊኝ።»