ሠላሳ አራት ልጆች፣ አንድ ድንጋጤ

"ቀጣይ..." አለች መምህርቷ።

ልጁ ከኮሪደሩ ብቻውን ገባና በሩን ዘጋ።

"ስልክ ተደውሎ የምትወደው ሰው ሞተ ተባልክ እንበል። ቃል ሳታወጣ አሳየኝ።"

ልጁ ቀኝ እጁን አፉ ላይ ጫነ... ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ... ከዚያ ቀና ብሎ በቀኝ በኩል ያለውን የጣሪያ ጥግ አፍጥጦ አየ።

"ጨርሰሃል፣ ተቀመጥ።"

አሥራ አንደኛው ነበር።

ከሱ በፊት የገቡት አሥሩም ያደረጉት ይህንኑ ነው... እጅ ወደ አፍ፣ ሁለት እርምጃ፣ ቀኝ ጥግ።

መጀመሪያ ላይ የተቀመጡት ይሳሳቁ ነበር። ሃያኛዋ ስትገባ ግን አንድም የሚስቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ሰረቅ አድርገው ያንን ጥግ ያዩታል። ምንም የለበትም... ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ብቻ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ ማንም አላለማመዳቸውም። ኮሪደር ላይ የቆመው ውስጥ ያለውን አያይም።

መምህርቷ ይህን ሁሉ የምታደርገው ለአንዲት ልጅ ስትል ነው።

ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሹፌር አባቷ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። መርዶውን የሰማችው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ስትሰማም እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ ቀና ብላ በቀኝ በኩል አየች።

አንዱ ቀረጻት... በማግስቱ ስሟ "አርቲስቷ" ሆነ። ምነው በአባቷ ሞት እንኳ ታስመስላለች ተባለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አፏን ከፍታ አታውቅም።

ልጆቹ ተራ በተራ በገቡበት ዕለት ጠዋት እናቷ መጥተው ልጄን ከዚህ ትምህርት ቤት ላወጣት ነው ብለው ነበር። መምህርቷም አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ ብላ ለመነቻቸው፤ የሳቁባት ልጆች ራሳቸው ሲደነግጡ ምን እንደሚያደርጉ ልታሳያቸው አስባ ነው። እውነቱን ለመናገር እሷም ቪዲዮውን ስታይ ተጠራጥራ ነበር፤ ይሄ ነው አንጀቷን የበላት።

ሠላሳ አራቱም ጨረሱ።

"ከየት ተማራችሁት?"



"ቲቸር፣ ሰው ሲያዝን እኮ እንደዚህ ነው የሚያደርገው" አለች አንዷ፣ ግራ ገብቷት።

ከስልኩ ተነጥሎ ስለማያውቅ "ኔትወርክ" የሚሉት ልጅ እያመነታ ተነሳ። ስልኩን አውጥቶ ይሄ መሰለኝ አላት።

ሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ እሷ ግን አይታው አታውቅም። ቡድን ሲሸነፍ፣ የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ለቀልድ የሚላላኩት። አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ ወደ ላይ ታያለች። ፊቷ ላይ የሚያለቅስ ቢጫ ክብ ለጥፈውበታል፣ ከሥሩ ሙዚቃ አለ።

መምህርቷ ፊቱን አላየችም። መጋረጃውን ነው ያየችው።

በገዛ እጇ የሰፋችው መጋረጃ ነው...

ከአራት ዓመት በፊት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እሷም ትምህርቱን ቤቷ ሆና በስልኳ እየቀረጸች በክፍሉ ግሩፕ ትልክ ነበር። አንድ ቀን ስትቀርጽ ጎረቤቷ ገብታ እናትሽ አረፉ አለቻት። ስልኩ መቅረጹን አላቆመም። በሐዘኗ ሰሞን የተጠራቀሙትን ቪዲዮዎች ሳታያቸው ጠቅልላ ላከቻቸው። አንዱ ቆርጦ አወጣው።

ያን ቀን ስትቀርጸው የነበረው ትምህርት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? "ሚዲያ ሰውን እንዴት ይቀርጻል?"

"ይቺ ሴት እኔ ነኝ" አለች። "እናቴ የሞተች ቀን ነው።"

ኔትወርክ ስልኩን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀና ብሎ የሚያያት ጠፋ።

ያኔ ከኋላ ወንበር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ ተሰማ።

"ቲቸር... እዚያ ጥግ ላይ ምን ነበር?"

"የእማዬ የግድግዳ ሰዓት። በስንት ሰዓት እንዳጣኋት ለማየት ነው።"

"እኔም ወደዚያ አየሁ" አለች ልጅቷ። "ሰማይ ብቻ ነበር። አባዬ ሞቶ ምን እያየሁ እንደሆነ አላውቅም። እንደሚሉት አስመስዬ ይሆን እያልኩ... እስካሁን አላለቀስኩም።"

ከዚያ አለቀሰች።

እጇ ወደ አፏ አልሄደም። ግንባሯን ቦርሳዋ ላይ ደፍታ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው ያለቀሰችው። ስልክ ያወጣ አልነበረም። "አርቲስቷ" የሚለውን ስም ያወጣላት ልጅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና እሱም አብሯት አለቀሰ።

እናትየው ልጃቸውን አላስወጧትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር...

መምህርቷ ቤቷ ስትገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ያኔ ስትቀርጽ በነበረበት ቦታ፣ ጀርባዋን ለመጋረጃው ሰጥታ ቆመች። ቀና ብላ በቀኝ በኩል አየች።

ባዶ ግድግዳ።

ሚስማር እንኳ ተመትቶበት አያውቅም።

የእናቷ ሰዓት በግራ በኩል፣ ከበሩ በላይ ነው። ሁልጊዜም እዚያው ነው የነበረው።

አራት ዓመት ሙሉ ሰዓቱን ነው ያየሁት እያለች ራሷን ስታሳምን ኖራለች... ታዲያ ምን እያየች ነበር?

ቆይቶ መጣላት። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር በትንሿ ቴሌቪዥን ያዩት የነበረ ተከታታይ ድራማ። አንዲት ተዋናይት መርዶ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ወደ ኋላ ትላለች፣ ወደ ላይ ታያለች...

እናቷም አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ እጇን አፏ ላይ ትጭን ነበር።

ወገኖቼ፣ የምናየው ነገር ሳናውቀው እጃችንንም ዓይናችንንም ያሠለጥነዋል። ሐዘኑ ግን የሰውየው የራሱ ነው። በሰው ለቅሶ ላይ ዳኛ ሆነን አንቀመጥ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ስትደነግጡ እጃችሁ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ያያችሁትስ ማን ላይ ነው?