ከመርከቡ ጠርዝ ወዲያ

ክሬኑ ሳጥኑን ከአንትወርፕ ወደብ አንስቶ ኦርመሮድ በተከራየው መርከብ ላይ እስኪያሳርፈው ድረስ ግሪት ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ሰባት ወር የለፋችበት ባለቀለም የመስኮት መስታወት ነበር። አምና እንዲህ ያለው ሳጥን ወደቡ ላይ ወድቆ ሲደቅ፣ ገዢዋ ኦርመሮድ ስብርባሪውን በጫማው እየገፋ፣ «ውሉን አንብቢ እንጂ፣ እመቤት! መርከብ ላይ እስኪያርፍ ጉዳቱ ያንቺ፣ ካረፈ በኋላ የኔ» ብሎ ስቆባት ነበር። ወርክሾፗ ከኪሳራ ለጥቂት ተረፈ።

ዘንድሮ ሳጥኑ በደህና አረፈ።

«እመቤት!» አለ አንድ መርከበኛ ከላይ። «እነዚህን የብረት ቱቦዎች ልደርብበት? ይችላል?»

«አይችልም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«የኔ አይደለም። ባለቤቱን ጠይቀው» አለችና ስልክ እያወራ ወደሚስቀው ኦርመሮድ አመለከተች።

መርከበኛው ጮኾ ጠየቀው። ኦርመሮድ ቀና እንኳ ሳይል «ቀጥል፣ ቀጥል» በሚል እጁን አወናጨፈ።

ግሪት ጠጋ ብላ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሚስተር ኦርመሮድ» አለችው።

ፈገግ ብሎ ሊያመሰግናት ሲል፣ ከአምና ጀምሮ ከእንቅልፏ የሚያባንናት ድምፅ ከመርከቡ ላይ መጣ። ዛሬ ጆሮዋን አልያዘችም።